ምንም አልጎደለንም

እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ጸደይ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲን ድረ ገጽ በቀን ሃያ ጊዜ እከፍት ነበር። ክፍል ውስጥ እከፍታለሁ፣ አውቶቡስ ላይ እከፍታለሁ፣ ቸርች ውስጥ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ ስልኬን መጽሐፍ ቅዱሴ መሀል ደብቄ እከፍታለሁ። ገጹ ላይ ሁልጊዜ የሚጠብቀኝ “በመታየት ላይ” የሚል ጽሑፍ ነው። ባየሁት ቁጥር ስልኩን እዘጋለሁ፤ ወዲያው ደግሞ መልሼ እከፍተዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎኛል። ደብዳቤው የመጣ ቀን እናቴ ሳሎን ውስጥ ተንበርክካ አለቀሰች፤ አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ “ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ ጎበዝ” አለ። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ይሄኛው አቅም ለሌለው ተማሪ የሚሰጠውን ግራንት፣ ማለትም የማይመለሰውን ገንዘብ፣ ምን ያህል እንደማገኝ የሚናገር ነው። የሰጡኝ የክፍያውን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። ቀሪውን ቤተሰብ ይከፍላል ይላል። የማንን ቤተሰብ አስበው እንደጻፉት እንጃ።

ማንም አላጠፋም። ግራንቱ የሚታሰበው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ታክስ ነው። ያኔ አባቴ ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት አጠገብ ለአንድ መኪና አከራይ ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ፣ ይነዳ ነበር፤ ኦቨርታይም ጠርቶት እምቢ ብሎ አያውቅም። ሶ፣ ወረቀቱ ላይ ደልቶናል። ወረቀቱ የማያውቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ከቸርች አንድ ቤተሰብ ወደ ሃውቶርን ሲዛወር አባቴ ዕቃ ሊያግዝ ሄደ፤ ፍሪጅ ይዞ ደረጃ ሲወርድ ወገቡ ቀጭ አለ። በቃ። ሦስት ወር ሥራውን ጠበቁለት፣ ከዚያ የስንብት ደብዳቤ ጻፉለት። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እናቴ ብቻዋን ነበረች። ሚራክል ማይል አካባቢ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ትጠብቃለች፤ የሚከፈላት በሰዓት ነው።

መፍትሔ አልጠፋም ነበር። አፒል ይባላል። ወላጅ “ኑሯችን ተለውጧል፣ ባለቤቴ ሥራ የለውም፣ እንደገና እዩልን” ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማስረጃ ያያይዛል፣ እነሱ ያዩና ግራንቱን ይጨምራሉ ወይም ይተዉታል። ግን የመግቢያ ቀነ ገደብ አለ። እስከዚያ ካልተጨመረልኝ ቦታዬን እለቃለሁ፣ ሌላ ልጅ ይገባበታል። ዛሬ ሳስበው ዓለም አይገለበጥም ነበር፤ ሰፈራችን አጠገብ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበረልኝ። ያኔ ግን ዓለም ትገለበጣለች ብዬ ነበር የማምነው።

ቀላል ይመስላል አይደል? አንድ ደብዳቤ። እኛ ቤት ግን አባቴ ታሟል ማለት ክልክል ነበር።

ክልክል የሆነው ከአንድ እሑድ ጀምሮ ነው። ቸርቻችን ከሰዓት በኋላ በተከራየነው አዳራሽ ነበር የሚሰበሰበው፤ በዚያን ቀን ከሌላ ስቴት የመጣ አገልጋይ ለታመሙ ሊጸልይ ቆመ። አባቴን ወደ ፊት ጠሩት። ሐኪም ያዘዘለትን የወገብ ቀበቶ አስፈትተው ቀበቶውን መድረኩ ላይ ጣሉት፣ እጅ ጫኑበት፣ “ጎንበስ በል” አሉት። ጎንበስ አለ። የጫማውን ክር ነካ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ውሸት አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ማይኩን ይዛ፣ “ጌታ ባሌን ፈውሶልኛል፣ ቤቴን ሙሉ አድርጎልኛል” ብላ መሰከረች። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደርሶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ደውላ የሐኪሙን ቀጠሮ ሰረዘች፤ የተፈወሰ ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል ብላ።

እናቴ ክፉ ነገር በአፍ ከወጣ በር ይከፈትለታል ብላ ታምናለች። ቦርሳዋ ባዶ ሆኖ እንኳ “የለኝም” አትልም፤ “ጌታ ይሰጣል” ነው የምትለው። ጉንፋን ይዟት ንፍጧን እየጠረገች “ደህና ነኝ” ትላለች። እኔስ? እኔም አምናለሁ። ግን ዓይን አለኝ።

አባቴ ወንበር ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ በሁለት እጁ ወንበሩን ሲይዝ አያለሁ። ዕቃ ሲያጥብ በክርኑ ማጠቢያውን ተደግፎ ነው። ቤታችን ሚድ ዊልሻየር ውስጥ ያለ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነው፤ እነሱ መኝታ ቤት፣ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ልበላ ስነሳ አባቴ ከላይኛው ካቢኔት ሲኒ ሊያወርድ እጁን ሲያነሳ ሸሚዙ ከፍ አለ። ወገቡ ላይ ዙሪያውን የእናቴ መቀነት ተጠምጥሟል። ጫፉ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ በበዓል የሐበሻ ቀሚሷ ላይ የምታስረው። የወገብ ቀበቶው መድረክ ላይ ቀርቶ፣ አባቴ በሴት መቀነት ወገቡን ጠፍሮ ይውላል። ሲያየኝ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። አንጀቴን በላው። እሱም ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተና ሲኒውን አጠበ።

ለፋሲካ እናቴ ቀሚሷን ስትለብስ ወገቧ ላይ ሻርፕ አሰረች። መቀነቷ የት እንዳለ ጠይቃኝ ጉድ እሆናለሁ ብዬ ስፈራ አልጠየቀችም። ረስታዋለች አልኩ፤ ተመስገን።

የአፒሉን ደብዳቤ እኔ ነበርኩ መጀመሪያ የጻፍኩት። አንድ ቅዳሜ እናቴን ጠረጴዛው ጋ አስቀምጬ እዚህ ጋ ፈርሚ አልኳት። እናቴ ምን እንደሚል ሳታውቅ አትፈርምም።

“ምን ይላል? በአማርኛ ንገሪኝ።”

“‘ባለቤቴ ወገቡን ከታመመ ጀምሮ መሥራት አልቻለም፤ የቤት ኪራይ እንኳ በጭንቅ ነው የምንከፍለው’ ይላል።”

“ታሟል ብለሽ ጻፍሽ?”

“እማዬ፣ ይሄ እኮ ፎርም ነው። ለፈረንጅ ነው።”

“ጌታ እንግሊዝኛ አይችልም?”

ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው። “ራሴ አስጽፌ እልከዋለሁ። አንቺ ፈተናሽን አጥኚ” አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ ቀለለኝ። የቤታችንን ገመና ቃል በቃል ለእናቴ መተርጎም ከብዶኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ይሸከመው ብዬ ለቀቅኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።

በማግስቱ ሳይሆን በሁለተኛው ቀን፣ “ተልኳል” አለችኝ።

“ምን ብለሽ አስጻፍሽ?”

“እውነቱን ነዋ።”

ደስ አለኝ። እንዴት ያለች ጅል ነበርኩ።

የቀነ ገደቡ ሳምንት ማክሰኞ ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ ገጹን ስከፍት ጽሑፉ ተለውጧል። “በቂ ምክንያት ስላልቀረበ ጥያቄዎ አልተፈቀደም።” ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆሜ ደወልኩ፤ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች። ድምፅዋ የተረጋጋ፣ የማይቸኩል ነው። ፋይሌን አውጥታ አየች።

“የእናትሽን ደብዳቤ አንብበሽዋል?”

“አላነበብኩም።”

አነበበችልኝ። በአማርኛ ብመልሰው እንዲህ ነበር የሚለው፤ “ባለቤቴ ወገቡን ታሞ ሥራውን አጥቶ ነበር። እግዚአብሔር ግን ፈውሶታል፤ ዛሬ ፍጹም ጤነኛ ነው። እኛ ምንም አልጎደለንም። ልጄ ጎበዝ ተማሪ ናት። ግራንቱን ብትጨምሩላት ጌታ ይባርካችኋል።”

አጥሩን ያዝኩ። ሴትየዋ አልሳቀችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። “ይህን ይዤ እንዴት አድርጌ ኑሯቸው ከብዷል ልበል?” አለችኝ። “ከአሠሪው የተጻፈው የስንብት ደብዳቤ አለኝ። ግን እናትሽ ድኗል ካለች፣ ድኖ ለምን አይሠራም ነው የሚሉኝ። በቅርብ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት አላችሁ?” የለንም፤ ቀጠሮውን ሰርዘነዋል። ይህን ግን አልነገርኳትም። “እንግዲያው ሁለቱም ወላጆችሽ እኔ ፊት ቀርበው ያለውን ነገር ይንገሩኝና ጽፈው ይፈርሙ። ሐሙስ እጠብቃችኋለሁ። ዓርብ ከሆነ እኔም ምንም ማድረግ አልችልም።”

ከዚያ በቀጥታ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ መንገድ ነው የሮጥኩት። እናቴ ማን ጋ እንዳስጻፈች አላጣሁትም። የሰፈራችንን ሰው ግማሽ ታክስ የሚሠሩ ሽማግሌ አሉ፤ ቢሯቸው ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ በኩል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፋክስ፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ወንበሮች ያሉት ነው። ገና ከበሩ፣ “ጋሼ፣ ለእናቴ ምን ጻፉላት?” አልኩ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም፤ እናቴ ብትሰማ ትገድለኝ ነበር።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። “እናትሽ ያሉኝን ነዋ። ‘እትዬ፣ ትንሽ ችግሩን ብናሰፋው’ ብላቸው፣ ‘እርስዎ ይጻፉ እንጂ አይመራመሩ’ አሉኝ። ልጄ፣ ሰው እዚህ መጥቶ ገቢዬን አሳንስልኝ ነው የሚለኝ። አታሳንስ ያሉኝ እናትሽ ብቻ ናቸው።” ከዚያ ፊቴን አይተው፣ “ነገሩ ተበላሸ እንዴ?” አሉ።

“ተበላሽቷል፣ ጋሼ።”

“እኔም ስተይበው ሆዴ ጠርጥሮ ነበር” አሉና ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም።

እናቴ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቅኳት። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጫማዋን እየፈታች ሳለ ሁሉንም ዘረገፍኩባት። ቦታዬ ሊሄድ ነው፣ ሐሙስ መሄድ አለብን፣ ቀርበሽ አልዳነም ማለት አለብሽ አልኳት።

“ከምስክርነቴ አልመለስም” አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “ያ ሁሉ ሕዝብ እልል ብሏል። ለገንዘብ ብዬ ጌታን ልካደው? ደግሞ በአፌ አልዳነም ብዬ፣ እሱ ላይ በሽታ ልጥራበት?”

“ከዳነ ታዲያ ለምን ሥራ አይሄድም?”

ይህን ስል አባቴ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሟል። አላየሁትም ነበር። ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ። እናቴ አንድ እግሯ ላይ ጫማ እንዳለ፣ አንዱን በእጇ እንደያዘች ቀረች። አባቴ ነው ቀድሞ የተናገረው፤ ቀስ ብሎ፣ “እንሄዳለን። ሴትየዋን እኔ አናግራታለሁ” አለ።

“ምን ልትላት?” አለችው እናቴ።

“ስትጠይቀኝ ነዋ የማውቀው።”

ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። አባቴን ምን ሊል እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ስለ መቀነቱ ያየሁትን ለእናቴ ልንገራትና ጉዱ ይውጣ ብዬም አስቤ ነበር። ግን ጣቱን አፉ ላይ ያደረገውን አስታውሳለሁ። እሱ የደበቀው ለእሷ ብሎ ነው፤ እሷን ሕዝብ ፊት ውሸታም ላለማድረግ። እኔ ለትምህርቴ ብዬ እሱን ልግለጠው? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ሐሙስ ጠዋት እኔ ድራይቭ አደረግኩ። ዩኒቨርሲቲው ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አባቴ ከጎኔ፣ እናቴ ከኋላ። ወንበሩን ወደ ኋላ ላዘንብልልህ ስለው፣ “ደህና ነኝ” ብሎ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ በቀኝ እጁ ጨብጦ ያን ሁሉ መንገድ አልለቀቀውም። መንገዱ ትንሽ ሲያንገጫግጭ ጣቶቹ ነጭ ይሆናሉ። እናቴ መጀመሪያ ላይ መዝሙር ታንጎራጉር ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አባቴ፣ “ነዳጅ ማደያ ካለ አቁሚልኝ፣ እግሬን ላፍታታ” አለ። አቆምኩ። መኪናው ጣሪያ ላይ ሁለት እጁን አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ብዙ ቆመ። በመስተዋቱ ወደ ኋላ ሳይ እናቴ እሱን በመስኮት እያየችው ነው። ከዚያ ወዲያ መዝሙሩን አላነሳችውም።

ቢሮው ትንሽ ነበር፤ ጠረጴዛ፣ ሦስት ዝቅ ያሉ ለስላሳ ወንበሮች። ሴትየዋ ከድምፅዋ ይልቅ ልጅ ነች። ሁላችንን በእጅ ጨብጣ ተቀመጡ አለችን። አባቴ ወንበሩን አየና፣ “መኪና ውስጥ ብዙ ተቀመጥን፣ መቆም ይሻለኛል በያት” አለኝ። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

“አባትሽን ጠይቂልኝ” አለች ሴትየዋ። “አሁን መሥራት ይችላል?”

ጠየቅኩት። አባቴ እኔን አላየኝም፤ እናቴን ነው ያየው። እናቴ ቦርሳዋን እያየች ነው። ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ “ደህና ነኝ በያት። እግዚአብሔር ይመስገን” አለ።

“አባዬ፣ እባክህ።”

“ደህና ነኝ፣ ልጄ።”

ታዲያ ለምን መጣን? ይህን ሁሉ መንገድ መያዣውን ጨብጦ የመጣው ይህን ሊል ነው? ሴትየዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። በዚያች ደቂቃ ማንንም አላሰብኩም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ በእንግሊዝኛ፣ “አይችልም፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ መቀመጥ አልችልም ነው የሚለው” አልኩ።

ከአፌ እንደወጣ ምን እንዳጠፋሁ አወቅኩ። እናቴ ስትናገር የእንግሊዝኛ ቃል ይጠፋት እንደሆነ እንጂ፣ ሲወራ አንዲት ቃል አታመልጣትም። ያችን አሮጊት ስምንት ዓመት ስትሰማ ኖራለች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ለሴትየዋ፣ በራሷ እንግሊዝኛ፣ “ልጄ ያለችሽ እሱ ያላትን አይደለም” አለቻት።

አለቀ አልኩ። እናቴ እውነት ብላ፣ ልጇን ውሸታም አድርጋ፣ ነገሩን ዘጋችው።

“እሱ ያለው ደህና ነኝ ነው” አለች እናቴ። “ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው። የሚለውም እኔ ስለምፈልገው ነው።”

ተነስታ ወደ አባቴ ሄደች። አባቴ ግራ ገብቶት ቆሟል። የሸሚዙን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ትንሽ ከፍ አደረገችው፤ አረንጓዴው ጥለት ታየ።

“ይሄ የእኔ ነው። የሴት ነው” አለቻት። “ከገና በፊት ጀምሮ ቦታው ላይ የለም። አልፈለግሁትም። የት እንዳለ አውቅ ነበር።” ሸሚዙን መልሳ አስተካከለችለት። “ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሳና አልጋው ላይ ይተኛል፤ ስነቃ እዚያ እንዳገኘው። ብርድ ልብሱን አጥፎ በር ጀርባ ያደርገዋል። እኔም ሁልጊዜ አሁን የነቃሁ እመስላለሁ።”

ያን ብርድ ልብስ አውቀዋለሁ። ነብር የተሳለበት፣ ወፍራም፣ ቡናማ። ጠዋት ጠዋት መኝታ ቤታቸው በር ጀርባ ታጥፎ አየው ነበር፤ ትርፍ ዕቃ ነው ብዬ።

“አልዳነም” አለች እናቴ። ቃሉ እንዴት እንደከበዳት ፊቷ ላይ ይታያል። “ገና አልዳነም። መሥራት አይችልም። ኪራዩን እኔ ነኝ የምከፍለው፤ አይበቃኝም።”

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሴትየዋ ባዶ ወረቀት ወደ እናቴ ገፋ አደረገችና፣ “ይህንኑ እንዳሉኝ ይጻፉልኝ” አለቻት። እናቴ በእጇ ጻፈች፣ አራት መስመር። ፈረመች። አባቴ ሊፈርም ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ሲል፣ “እህህ” አለ። ያን ድምፅ ከዚያች እሑድ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ክርኑን ያዘችው፤ እስኪጨርስም አልለቀቀችውም።

መኪናው ጋ ስንደርስ ወንበሩን ራሷ ወደ ኋላ አዘነበለችለት። ወደ ሎስ አንጀለስ ስንመለስ ከኋላ ሆና እጇን የወንበሩ ራስ ላይ አድርጋ ነበር። እኔ ደስታ ጠብቄ ነበር፣ እፎይታ ጠብቄ ነበር። የመጣብኝ ግን ፍርሃት ነው። እናቴ ለእኔ ብላ ያመነችውን በአፏ አፍርሳለች፤ ነገ እሱ ቢብስበት “አንቺ ነሽ ያስባልሽኝ” ብትለኝ ምን እላለሁ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለማንም ሳይሆን፣ “እንግዲህ ወጣ፣ ምን ይደረጋል” አለች። አባቴ ግን ተኝቷል። ቀን፣ መኪና ውስጥ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ዓርብ ከሰዓት ገጹን ስከፍት “ተፈቅዷል” ይላል። ግራንቱ ጨምሯል፤ የቀረውን ከቤተ መጻሕፍት ሥራ ጋር እችለዋለሁ። ለእናቴ ሥራ ቦታዋ ደወልኩላት። “ጌታ ይመስገን። በይ ቶሎ ተመዝገቢ፣ ሰው አይቅደምሽ” አለችና ዘጋችው። እሑድ ቸርች ውስጥ ሁሉም የግራንቱን ነገር ሰምቶ፣ ማይኩን ወደ እሷ አሳለፉላት። ተቀበለች፤ እኔ ደግሞ ወንበሬን ጨብጫለሁ። “ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፤ ክብር ለጌታ ይሁን” አለች። ከዚያ፣ “ባሌን ያመዋል። ጸልዩልን” አለችና ተቀመጠች። እልልታ አልነበረም። ከኋላችን አንድ ሰው “አሜን” አለ፣ ቀስ ብሎ። ሰኞ ለሐኪሙ ደወለች።

በመስከረም ትምህርት ጀመርኩ። ዶርም ውስጥ ከማላውቃት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተሰጠኝ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ ቤት ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ትታዋለች፤ ሥራ ልትወጣ እየተዘጋጀች ነው። ከበስተጀርባ አባቴ “እህህ” ይላል። እሷ ደግሞ፣ “ቀጥ በል እስቲ፣ ቀጥ። መቀነቱን ላጥብቅልህ። ሐኪሙ የሰጠህን ቀበቶ አጥበህ ሰቅለኸዋል፣ ገና አልደረቀም።”

“አጠበቅሽው።”

“ላላ ላድርገው?”

“ትንሽ። እህ። በቃ፣ እንዲሁ ይሁን።”

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ከዚያ ወደ ስልኩ መጣች።

“እሺ፣ አንቺስ? ምን ጎደለሽ?”

በሕይወቴ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። “ምንም” አልኳት፤ ያደግሁበት መልስ ነው፣ ሳላስበው ነው የወጣው።

“አትደብቂኝ” አለች። “ጎድሎሽ ከሆነ ጎደለኝ በይ።”

ክፍሉ ሌሊት ሌሊት ይበርድ ነበር። የሰጡን አንሶላና አንድ ስስ ብርድ ልብስ ነው፤ ጃኬቴን ለብሼ እተኛ ነበር። “ብርድ ልብስ” አልኳት። “ብርድ ልብስ ጎድሎኛል፣ እማዬ።”

“ብርድ ልብስ ጎድሏታል” ብላ ለአባቴ ጮኸችለት።

“ነብሩን ላኪላት” አለ አባቴ ከሩቅ። “እኔ አሁን አልጋዬ ላይ ነው የምተኛው።”